ያልተከራከረበት ቀን

"አፍዎን ይክፈቱ" እለዋለሁ፣ እንደማላውቀው ሰው። ይከፍታል። ድሮ እንዲዘጋው ነበር የምለምነው።

ጭንብል ስላደረግሁ አላወቀኝም። መንጋጋው ላይ ማደንዘዣውን ከወጋሁ በኋላ ጭንብሌን ዝቅ አደርጋለሁ። ዓይኑ ይፈጣል።

"አዎ፣ ራሴ ነኝ። አትንቀሳቀስ። ካመመህ እጅህን አንሣ።"

ነርሷ ጉጠቱን ታቀብለኛለች። ዝም ብዬ ልሠራ ነበር ሐሳቤ። አልቻልኩም።

"በሁሉም ነገር ትከራከረኝ ነበር። በሾርባው ጨው እንኳን። ሩቅ አገር ሥራ ስታገኝ ተናድጄ 'ሥራው ከበለጠብህ ሂድ' ስልህ ግን ትንፍሽ ሳትል ሻንጣህን አነሣህ። ለእኔ ሲሆን ዱዳ የሆንከው ምን ነክቶህ ነው?"

እጁን ያነሣል።

"አመመህ?"

ራሱን ይነቀንቃል።

"እንግዲያው አውርድ። ተራው የእኔ ነው።"

"ዶክተር" ትላለች ነርሷ፣ በዕድሜ እናቴ ልትሆን የምትችል ሴት፣ "ሰውየው ጥርሱን ነው ሊነቀል የመጣው፤ ነፍሱን ተይለት።"

ባይሄድ ኖሮ እያልኩ በሐሳቤ ስንት ቤት ሠርቼ ስንቱን አፍርሻለሁ። በአንዱ ልጆች አሉን። በሌላው ጠዋት ማታ እንጣላለን። የምወደው የምንጣላበትን ነው። በኋላ ያገባሁት ሰው በሁሉም ነገር ይስማማ ነበር፤ ብዙም ሳንቆይ ተፋታን።

ጥርሱ ይነቀላል። ጥጥ አስነክሰዋለሁ።

"የሚወስድዎት ሰው አለ ጋሼ? ባለቤትዎ?" ትለዋለች ነርሷ።

"ብቻዬን ነኝ" ይላል፣ ጥጡን አውጥቶ። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል። ግማሽ ከንፈሩ አልታዘዝ ብሎታል። "'አትሂድ' እንድትይኝ... ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ጠብቄሻለሁ።"

ደሜ ይፈላል። እኔ ደግሞ ከበሩ ኋላ ሆኜ፣ "አልሄድም" እንዲለኝ ስጠብቅ ነበር። ሁለት ተናጋሪዎች፣ አንዲት ቃል አጥተን!

"ጥጡን መልስ" እለዋለሁ። "ይደማብሃል።"

ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ ይወጣል። ይኸው፣ ዛሬም ሄደ እላለሁ በሆዴ። እጄን ታጥቤ ቀጣዩን በሽተኛ ልጠራ በሩን እከፍታለሁ።

መጠበቂያው ክፍል ጢም ብሏል። እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ ኮቱን ዘርግቷል። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ከፊቱ ቆመዋል።

"ወንበር የተሠራው ለሰው ነው ለኮት?"

"ሰው አለው።"

"የታለ ሰውየው?"

"ሥራ ላይ ናት። ስትጨርስ ትመጣለች።"

"እስክትመጣ እኔ ልቀመጥበታ!"

"አይሆንም እትዬ" ይላል፣ በአንድ እጁ ጉንጩን፣ በሌላው ኮቱን ይዞ። ጥጡን በጉንጩ ወትፎ፣ በግማሽ አፉ፣ ክርክሩን ይቀጥላል።