ሁለት ቀይ ክሮች

አባቷን ቀና አድርጋ ትራሱን ስታነሳ ከሥሩ የተማሪነት የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላቷ ወጣ፤ ክው አለች። ሰዓት ሠሪው አባቷ እንግሊዝኛ አይችልም። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሐኪሙን የመጀመሪያ ደብዳቤ ያነበበችለት እሷ ነበረች፤ «በሽታው ይድናል ይላል፣ አባዬ» ብላ። ሁለተኛው ደብዳቤ ገና ሳይከፈት ጫፉ ከኪሷ ብቅ ብሎ ይታያል።

መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ሁለት ቀይ ክሮች ገብተዋል። በአንደኛው ገጽ «ኪዩረብል» የሚለው ቃል ተሰምሮበታል፦ ሊድን የሚችል። ያነበበችለት ይህን ነበር። በሌላው ገጽ የተሰመረበት «ትሪተብል» ነው፦ ሊታከም የሚችል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ግን ይኼኛው ነበር።

«ያልሽኝን በአማርኛው ፈለግሁት፤ የተጻፈውን ደግሞ በማጉያዬ ፊደል በፊደል እያመሳሰልኩ» አላት አባቷ። «ማከምና ማዳን ለየቅል ናቸው፣ ልጄ። እኔም ላረጀ ሰዓት ‹እጠግነዋለሁ› እንጂ ‹አዲስ ይሆናል› ብዬ አላውቅም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት እጁን አነሳ።

«እሱን ተይው። በይ አዲሱን ደብዳቤ አንብቢልኝ» አላት ትራሱን እየተደገፈ። «እንደ በፊቱ አድርገሽ።»