የታሂር ትርጉም

ዘንድሮ ዝናቡ በሐምሌ ሁለት ቀን ጣለና ቀረ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ከደጋ የሚወርደው ጎርፍም ማሳ ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ገባ። ሰው ከብቱን ዋጃ ገበያ እየነዳ ባገኘው ዋጋ ሸጠ። ሥራ የለም። ስለዚህ የታሂር ልጅ ሀስና ኮምፒዩተሯን ይዛ ስትመጣ ከጠዋት ጀምሮ አብሬያት ተቀመጥኩ።

ሀስና እዚሁ ቆቦ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አባቷ በደርግ ጊዜ ጀርመን አገር የትራክተር ጥገና ተምሮ የመጣ ሰው ነበር። እኔ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ታሂር ከጀርመን ያመጣውን አንድ ፊልም፣ የድሮ ጦርነት ታሪክ፣ ማይክ ይዞ በአማርኛ ይተረጉምልን ነበር። እሱ በሌለበት ቀንም እንድናሳየው አንድ ቀን ሕዝቡ ባለበት ድምፁን ከፊልሙ ጋር በሌላ ካሴት ቀዳን። ታሂር ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ድምፁ የቀረው በዚያ ካሴት ብቻ ነው።

አሁን አጎቷ የዚያኑ ፊልም አዲስ ዲስክ ልኮላታል። የአባቷን ድምፅ ከካሴቱ አውጥታ በጥሩው ምስል ላይ ልታደርገው ትፈልጋለች።

ካሴቱ በቴሌቪዥኑ፣ ዲስኩ በኮምፒዩተሯ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ካሴቱ ላይ ሰዎቹ ፊት የላቸውም፤ ዲስኩ ላይ ልጇ የዘመተባት ሴትዮ የእጅ ጅማት ሳይቀር ይታያል። የካሴቱ ምስል ግራና ቀኙ ተቆርጧል። በዲስኩ በሩ አጠገብ አንድ ውሻ ተኝቷል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሳሳይ አይቼው አላውቅም።

«ሰርጉ ካሴቱ ላይ የለም። አራት ደቂቃ ሙሉ» አለች ሀስና ደብተሯ ላይ እየጻፈች። «አባባ ይርጋ፣ እናንተ ናችሁ የቆረጣችሁት?»

«እኛ አይደለንም። ሲመጣም እንዲሁ ነበር።»

ባለቤቴ ሸዋዬ ከኋላችን ምስር ትለቅማለች። «እውነቱን ነው። ሰርግ ቢኖር እኔ እረሳ ነበር?» አለች።

ፊልሙ ላይ ፖስተኛው መጣ። ሴትዮዋ ደብዳቤውን ከፈተች። የታሂር ድምፅ «ልጅሽ ደህና ነው፣ ለመስከረም ይመጣል ይላል» አለ። ሴትዮዋ መሬት ላይ ወደቀች። ደረቷን ደቃች። «ከደስታ ብዛት ነው» አለ ታሂር። ተመልካቹ ሲስቅ ካሴቱ ላይ ይሰማል።

ሀስና ሁለቱንም አቆመች። ከዲስኩ ምስል ሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ አነበበች።

«እዚህ ሞቷል ነው የሚለው» አለች።

ዞሬ ሸዋዬን አየኋት።

«ልጅ ሆኜ ባለቀስኩ ቁጥር ‹ከደስታ ብዛት ነው› እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ደግሞ አባቴ ጀርመንኛ ያውቃል እያልኩ ከወንዱም ከሴቱም እደባደባለሁ።» ሽቦዎቹን መንቀል ጀመረች። «ወላሂ፣ እነሱ ናቸው ልክ። ከራሱ እየፈጠረ ነው የኖረው። ይቅርብኝ፣ ይህን ለልጆቼ አላሰማም።»

«አባትሽን አትናገሪው» አለች ሸዋዬ። «እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ልጇ እንደሚመጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

የእኛ ልጅ ዘላለም የዘመተው በ1991 ነው። ጦርነቱ ባበቃ ሰሞን አብሮት የነበረ ልጅ መጥቶ ሞቱን ለእኔ ብቻ ነገረኝ። እኔ ለታሂር ነገርኩት። መርዶ ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ለእሁድ ቀጠርን። ካሴቱን የቀዳነው ቅዳሜ ነው። ሸዋዬ ሳላስባት ገብታ ፊት ተቀመጠች። ፖስተኛው ሲመጣ ታሂር ወደ እኔ ዞረ። በእጄ አይሆንም አልኩት።

እሁድ ፈራሁ። ሽማግሌዎቹን መለስኳቸው። በኋላ ቀበሌ የሞቱን ወረቀት ሊሰጠኝ ሲጠራኝም ብቻዬን ሄድኩ። እሷ ተማርኮ ይሆናል እያለች ኖረች። ታሂር እስኪሞት ተሳቀበት፤ አንድ ቀንም አፉን አልከፈተም።

ሀስና ሽቦውን ጠቅልላ ተነሳች።

«ቁጭ በይ» አልኳት። «አባትሽ አልተሳሳተም። ደብዳቤው ሞቷል ነው የሚለው። ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። ሸዋዬ እዚያ ነበረች። ዘላለም…»

የሸዋዬ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ቀኑ መቼ ነው?» አለች።

«ግንቦት አሥራ ሁለት። በዘጠና ሁለት።»

«ፍትሐት?»

«አልተደረገለትም።»

«ሃያ አምስት ዓመት» አለች። «ስሙን አንድ ቄስ ሳይጠራው።»

ሀስና ልትደግፋት ሄደች። ሸዋዬ በእጇ ከለከለቻት።

«ተይኝ፣ ልጄ። ገና አልተነገረኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መርዶ እንዲህ ቴሌቪዥን ፊት አይነገርም፣ አንተ ሰውዬ። ሂድ፣ ሰው ጥራ። የዚችንም እናት ጥራ።»

ወጣሁ። ሀስና ተከተለችኝ። ደጁ ላይ «አባቴ ያውቅ ነበር?» አለች።

«ያውቅ ነበር።»

አፏን በሻርፗ ይዛ እናቷን ልትጠራ ሮጠች።

የነፍስ አባታችን መጡ። ጎረቤታችን ካሳ መጣ። የሀስና እናት ዚነት ጫማ ሳታደርግ መጣች። አሥራ አራት ሰው ሆንን። ስንገባ ሸዋዬ ቤቱን ጠርጋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ አየችን፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው።

«ምነው፣ በደህና ነው ተሰብስባችሁ የመጣችሁት?» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ባርኔጣዬን አወለቅኩና ነገርኳት።