በሚስማር የተጫረ ኮፓ

ደንበኛው በጋዜጣ የተጠቀለለ የጎማ ኮፓ ይዞ መለዋወጫ ሱቄ ገባና የጥጥ መወልወያ ጠየቀኝ።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«በሚስማር ተጭሯል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ በጥጥ ልታባብለው ነው? መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ አጥፋው፤ ጥጡ ከዚያ በኋላ ነው። አሁን አንተም መኪና አለኝ ትላለህ!»

«ላሳይዎት?» ብሎ ጋዜጣውን ሊገልጥ ሲል እጁን ገፋሁት።

«ምኑን ነው የምታሳየኝ? ሃያ ዓመት ጭረት ሳጠፋ የኖርኩ ሰው ነኝ!»

አንገቱን ደፍቶ አመሰገነኝና ያልኩትን ሁሉ ገዝቶ ወጣ። ለእንዲህ ያለው ደንቆሮ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው እያልኩ፣ ለምሳ ሱቄን ዘግቼ መኪናዬ ጋ ደረስኩ። ሌባ እንዳይሸጣቸው ብዬ፣ በገዛ እጄ የታርጋ ቁጥሬን በሚስማር የጻፍኩባቸው አራቱም ኮፓዎች የሉም።