የገብርኤል ማግስት

የብርጓል የመጨረሻውን ቁልፍ ትጫናለች። ኮምፒዩተሩ ላይ አረንጓዴ ምልክት ብልጭ ይላል፤ ካላንደሩና የቢሮው የሥራ ሰሌዳ ተገናኝተዋል።

«እና አሁን ምን ይሆናል?» ይላል ይታያል ከጀርባዋ ቆሞ። የውኃ ጉድጓድ ፕሮጀክቱ ኃላፊ ነው። አንድ ያልተፈረመበት ወረቀት በእጁ ይዟል።

«አሁን...» ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። «ካላንደሩ ላይ ሥራ ስጽፍ የሥራ ሰሌዳው ራሱ ይወስደዋል። ቀኑ የአጥቢያው በዓል ከሆነ ወደ ማግስቱ ያሻግረዋል። ከዚያ ለሁላችንም በስልክ መልእክት ይልካል።»

«ያለ ፕሮግራም ጸሐፊ?»

«ያለ ምንም። ‹ይህ ከሆነ ያን አድርግ› ማለት ብቻ ነው።»

እዚህ ደብረ ማርቆስ ቢሮ ከተቀጠረች ስምንት ወሯ ነው። በስብሰባ ላይ አፏን የከፈተችው ግን አንድ ቀን ብቻ፣ ባለፈው ወር። የቁፋሮው ቡድን ሁለት ሰዓት ተጉዞ ከደብረ ኤልያስ ማዶ ካለች አንዲት ቀበሌ ሲደርስ፣ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ከቅዳሴ ሲወጣ አገኘው። «በገብርኤል ቀን መሬት ልትወጉ?» ብሎ ዶማ አላስነካቸውም። ይታያል ተናዶ «ዕቅዱን አዲስ አበባ ላለ ድርጅት እሰጠዋለሁ» ሲል፣ የብርጓል እጇን አወጣች። «እኔ ልሞክረው» ያለችው ድምፅ የማን እንደሆነ ለራሷም ግራ ገባት። ይታያልም ቀጠሮ ሰጣት፤ እስከ ዛሬ ዐሥር ሰዓት። ካልሠራ በእጁ የያዘው የድርጅቱ ውል ይፈረማል፤ እሷም ወደ ፋይሎቿ ትመለሳለች።

ካላንደሩ የፈረንጅ ነውና «ገብርኤልን በየወሩ ድገም» ቢሉት አይሰማም። የግቢው ዘበኛ ጋሽ ወልደ ሰንበት በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት የተማሩ ናቸው። እሳቸው የሃያ ሦስቱን ቀበሌ ታቦት በቃላቸው እየነገሯት፣ እሷ የዓመቱን በዓላት አንድ በአንድ ስትጽፍ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ትጽፋለች። ቁፋሮ፣ ገብርኤል አጥቢያ፣ ጥቅምት ዐሥራ ዘጠኝ። ከሥሩም የውኃ ኮሚቴ ስብሰባ፣ በዚያው ቀን።

ሰሌዳው ባዶ ነው። ይጠብቃሉ። አሁንም ባዶ።

«ምነው፣ እንደ ሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናስጣው እንዴ?» ይላል ሾፌሩ ፈሐድ በሩን ተደግፎ።

የብርጓል ፊቷ ይግላል። ወዲያው ትዝ ይላታል። «መተግበሪያውን በነጻ ነው የምንጠቀመው፤ ካላንደሩን የሚያየው በየዐሥራ አምስት ደቂቃው ነው።»

ይታያል የግድግዳውን ሰዓት ያያል። ለዐሥር ሃያ ጉዳይ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ ብዕሩን ከላዩ።

«እኔ ምለው የብሬ፣ የእኔን ጁምዓስ ጨምረሻል?» ይላል ፈሐድ። «ባለፈው አርብ በሶላት ሰዓት ጭቃ ስገፋ ነበር።»

«ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ተዘግቷል» ትላለች፣ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳትነቅል።

ፈሐድ በሩን ትቶ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ይላል።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ባርኔጣቸውን አውልቀው ይገባሉ። «ደረሰ ወይ? እስቲ ያልሽውን አንብቢልኝ።»

ታነብላቸዋለች።

«ስብሰባውም ወደ ማግስቱ ይሄዳል?»

«አዎ፣ በዓል ስለሆነ...»

«አዬ ልጄ! መሬት መቆፈር እንጂ መነጋገር ማን ከለከለ? በማግስቱማ ገበሬው ማሳው ላይ ነው፤ ማንን ልትሰበስቢ ነው፣ በሬዎቹን? በገብርኤል ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሁሉ ዋርካው ሥር አይደል!»

የብርጓል ወንበሯን ወደ ኮምፒዩተሩ ትስባለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዓልን እንደ ዝግ በር ስትቆጥረው ነበር። ለካ ለግማሹ ሥራ የተከፈተው በር እሱ ነው!

«ስንት ደቂቃ ቀረው?» ትላለች።

«ለሚቀጥለው? ስምንት» ይላል ይታያል። ሰዓቱን እሱም እየቆጠረ ኖሯል።

ጣቶቿ ይሮጣሉ። አንዱን ትእዛዝ ሁለት መንገድ ታደርገዋለች፤ ቁፋሮ ከሆነ ከበዓሉ አሽሽ፣ ስብሰባ ከሆነ ወደ በዓሉ ሳብ። ወደ በዓሉ ይሳብ እንደሆነ ለማየትም ስብሰባውን ዐሥራ ሰባት ላይ ትወረውረዋለች። አንድ ሳጥን ቀይ ይሆንባታል፤ የረሳችውን ትሞላለች። ልቧ ከጣቶቿ ይቀድማል። ደስ የሚል ፍርሃት ነው፤ ፈተና ላይ መልሱን እያወቁ ሰዓት እንደሚያልቅባቸው ዓይነት። ታስቀምጠዋለች። እጆቿን ጭኖቿ ላይ ታሳርፋለች።

ሁሉም ወደ ኮምፒዩተሩ ያጎነብሳሉ።

ሰሌዳው ላይ አንድ ካርድ ብቅ ይላል። ከሥሩ ሌላ።

የይታያል ስልክ ይንጫጫል። የፈሐድ ኪስ ይነዝራል። «ያ አላህ!» ይላል ፈሐድ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ። ከዚያ ከጋሽ ወልደ ሰንበት ካፖርት ውስጥ፣ ከዚያች በላስቲክ ከታሰረች ባለቁልፍ ስልክ፣ ጢው የሚል ድምፅ ይወጣል።

«እኔን ደግሞ ማን ፈለገኝ?»

«ቁጥርዎን አስገብቼው ነበር» ትላለች የብርጓል በቀስታ።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ትንሿን ስልክ ከዓይናቸው አርቀው ይይዟታል፤ ያቀርቧታል። «አይታየኝም፤ አንቺው አንብቢው።»

ይታያል ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ ኪሱ ይከታል። «ጮክ በይ» ይላታል፤ «እኔም በጆሮዬ ልስማው።»

የብርጓል ትነሣለች።

«ጥቅምት ዐሥራ ዘጠኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስብሰባ! ጥቅምት ሃያ፣ ቁፋሮ!»

ግቢው ውስጥ ቧንቧ የሚጭኑት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ወደ መስኮቱ ቀና ይላሉ።