የምራቷ ጠርሙሶች

አማትየዋ ጠርሙሶቹን የደበቀችው በንዴት ነበር። ጥቁሩን የሶያ ሶስ፣ ከዓሣ ተሠራ የተባለውን፣ የለውዙን፣ አረንጓዴውን የቅጠል ሶስና ያንን ቀይ የቃሪያ ሶስ ከመደርደሪያው አንድ በአንድ አንስታ የዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ቀበረቻቸው።

"ዛሬ ምግቤ ብቻውን ይቅረብ፤ ማን አፉን እንደሚያጣምም አያለሁ፣" አለች ለራሷ።

ምራቷ የምትሠራው ከውጭ የመጣ ዕቃ በሚሸጥበት ሱፐርማርኬት ነው። ጠርሙሶቹ ወደ ቤት መግባት የጀመሩት አማትየዋ በከባድ ጉንፋን ተኝታ በተነሳች ሰሞን ነበር። አልጋ ላይ ሳለች ልጅቱ ማዕድ ቤቱን ያዘች፤ ስትነሳ የሰው አገር ሁሉ መደርደሪያዋ ላይ ተሰልፎ ጠበቃት። ከዚያ ወዲያ ምን ብትሠራ ሳይጨመርበት አይበላም። ሾርባው ላይ ሶያ፣ ሩዙ ላይ የለውዝ፣ ድንቹ ላይ ያ ቀይ መዓት።

"የዓለም ጣዕም ነው እማማ፣ ለለውጥ ያህል ነው፣" ትላለች ልጅቱ እየሳቀች።

ለለውጥ! አማትየዋ እኮ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ምግብ ስታበስል ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት። ስንቱ የፈረቃ ሠራተኛ በልቶ ሲነሳ "እጅሽን ቁርጥማት አይንካው" ብሏታል። ስታበስል ማንኪያ አንስታ አትቀምስም። እየቀመሰ የሚያበስል ሙያ የለውም ባይ ናት፤ "እጄ ያውቃል" ነው የምትለው።

ንቀቱ በጠርሙስ ቢያበቃ ባልከፋ። ልጅቱ ከሥራ ስትገባ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ መስኮቱን ሁሉ ትበረግዳለች፣ ቤቱ የሸተተ ይመስል። አንድ ቀንማ ከነጫማዋ እየሮጠች ገብታ የጋዝ ምድጃውን ነካክታ፣ በሩንም መስኮቱንም ከፋፍታ፣ አማቷን እጇን ይዛ በረንዳ ላይ አስቀመጠቻት። ወተት ገና ሳይጠጣ ትደፋለች። በተመሳሳዮቹ የጨውና የስኳር ዕቃዎች ክዳን ላይ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ ፕላስተር ለጥፋለች፣ ለሕፃን እንደሚደረገው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

በዚህ ሁሉ ብስጭት እህል እንኳ አልጥማት ብሎ ከርሟል። ከሰውነቷም ጎድላለች። ንዴት የማይዘጋው ነገር የለም።

ተንኮሉ የተገለጠላት ግን ባለፈው ሳምንት ነው። ልጇ መኝታ ቤት ሆኖ ለሚስቱ ሲናገር ሰማችው።

"ከደከማት ማዕድ ቤቱን ተረከቢያትና ትረፍ።"

የሚስቱን መልስ ለመስማት አልቆመችም። ደሟ ፈልቶ ክፍሏ ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በልጇ ቤት የኔ የምትለው ያንን ምድጃ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዱባት እንደ አሮጌ ወንበር ጥግ ላይ መቀመጥ ነው የሚቀራት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቱን በዓይኗ ተከታተለቻት።

የዓሣውን ሶስ ከፍታም አሽትታዋለች። አንድ ጠብታው ሰፈር ያውዳል እየተባለ የሚወራለት ጠርሙስ ምንም የለውም። ቀለም የገባበት ውሃ! ልጇ የቃሪያውን ጠብ አድርጎ ዓይኑ እያነባ ወደ ቧንቧ ሲሮጥ ባየችው ጊዜም፣ ሚስቱን ለማስደሰት የማይሆነው የለም ብላ ታዘበችው።

ዛሬ የምራቷ እናትና አባት ለምሳ ይመጣሉ። አማትየዋ ማልዳ ተነስታ መጀመሪያ ያደረገችው ሁለቱን ፕላስተሮች ገንጥላ መጣል ነው። ከዚያ ሥጋውን በድንች ጣደች፤ ጨዉን እንደ ልማዷ በመዳፏ መጥና ነሰነሰች።

እንግዶቹ ሲቀመጡ ልጅቱ ማዕድ ቤት ገብታ መደርደሪያውን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

"እማማ፣ ሶሶቹ የት ሄዱ?"

"ምን ይሠሩልሻል?"

"እባክዎ እማማ። ዛሬን ብቻ።"

"ዛሬ እንዳለ ይበላል።"

ልጅቱ ማንኪያ አንስታ ወደ ድስቱ እጇን ሰደደች። አማትየዋ ክዳኑን ከደነችው።

"ድስቴን አታማስዪ። ሂጂ ከናትሽ ጋር ተቀመጪ።"

ማዕዱ ቀረበ። የልጅቱ አባት አንድ ጎርሶ ማኘኩን አቆመ። እናቷ ውሃ አነሳች። ልጇ አፉን በናፕኪን ይዞ ቆየ።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ..." ብሎ ሲጀምር ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።

"ብላ፣" አለችው። እሷ ግን ቀና ሳትል፣ ሳታላምጥ እየዋጠች ትበላ ነበር። "ግሩም ነው እማማ። እጅዎ ይባረክ።" ዓይኗ ዕንባ ሞልቷል።

አማትየዋ የሽንፈት ዕንባ ነው አለች በልቧ። ሌሎቹ ግን ሳህናቸውን ገፋ አድርገዋል። ያለ ጠርሙስ መብላት እንኳ አቅቷቸዋል። ተነስታ ሄደች፤ ዱቄት የለበሰውን ቀይ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው።

"ይሄ ነው የቀረባችሁ? በዚህ ነው እጄን የምታራክሱት?"

"እማማ፣ ይተዉት፣" ልጅቱ ከወንበሯ ተነሳች። "በናትዎ ያስቀምጡት።"

"ለምን? እንዳልነቃብሽ ነው?"

የሾርባ ማንኪያውን ሞልታ አንቆርቁራ ዋጠችው። ሁሉም ብድግ አሉ። እሷ ከንፈሯን ላሰችና ማንኪያውን ደግማ ሞላች፤ ደግማ ዋጠች። ዕንባ በጉንጯ ወረደ፤ የንዴት ነው ብላ በእጇ ጀርባ ጠረገችው።

"አያችሁ?" አለች ዙሪያዋን እያየች። "ውሃ ነው።"

ልጇ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ "ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?" አላት።