የአውራ ጣት ቁልፍ

ራውያ የታንታ ከተማ ሙሽሮችን ፎቶ ስታሳምር በምትውልበት ኮምፒውተር ላይ የራሷን የሰርግ ፎቶ ከፈተች። አማቷ ከጀርባዋ ቆመዋል።

"ፊቴን እንዳለ ነው የምተወው፣ እማማ።"

"ተይ እንጂ፣ ዘመድ ያየዋል! ትንሽ ፈካ አድርጊው።"

የሙሽሮች እናቶች ሁሉ ይህንኑ ስለሚሏት፣ ፊት የሚያነጣውን ትእዛዝ በማውሱ ጎን ባለው ቁልፍ ላይ፣ አውራ ጣቷ ሥር አድርጋው ነበር። እምቢ ልትል አፏን ስትከፍት አውራ ጣቷ እንደ ልማዱ ተጫነው። ጠይሙ ፊቷ ወተት መሰለ።

ደንግጣ የመመለሻውን ቁልፍ መታች። ጥርሷ ቦግ አለ። ለካ "ወደ ነበረበት መልሺልኝ" ያላት ደንበኛ ስላልነበረ፣ ያን ቁልፍ ድሮ ጥርስ ለሚያነጣው ትእዛዝ ሰጥታው ኖሯል።

"እሰይ! አሁን የልጄን ሚስት መሰልሽ" አሉ አማቷ።

ራውያ መመለሻውን ፍለጋ ስትዳክር፣ እሳቸው ስክሪኑን በስልካቸው ፎቶ አንስተው ለዘመድ አዝማዱ ልከው ጨርሰው ነበር።