«ምነው ትርጉሙ ረዘመ?»

«ዘና በል እንጂ ብራዘር! እኔ ራሴ ከተማሪነቴ ጀምሮ ጋንጃ አጨሳለሁ... ምን ሆንኩ?»

በረከት ይህን ብሎ መሪውን እንደያዘ ሳቀ።

አጠገቡ የተቀመጠው ኦሞት ግን አልሳቀም።

ከጋምቤላ ከተማ ተነስተው በአቦቦ በኩል ወደ ጎግ እየሄዱ ነው። በረከት ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሀብት ነው። ኦሞት ደግሞ የጎግ ተወላጅ አኙዋ... ለዚያ ቀን የተቀጠረ አስተርጓሚ።

ጉዳዩ መሬት ነው። በረከት «ካናቢስ አንድ ቀን ለመድኃኒት መፈቀዱ አይቀርም» ብሎ ያምናል። ሕጉ ከመለወጡ በፊት ሰፊ መሬት ይዞ መጠበቅ ፈልጓል። ለዚህ ደግሞ የገበሬዎቹ ይሁንታ ያስፈልገዋል።

«አማርኛህ ግን አንደኛ ነው! የት ተማርከው?»

«አራት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ ኦሞት።

በረከት ወሬ ይወዳል...

«አንድ ጊዜ ምን ሆነ መሰለህ? የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ከዲማ በአይሱዙ ተጭነን ስንመጣ ኬላ ላይ አስቆሙን። ቦርሳዬ ውስጥ ጋንጃ አለ። ፖሊሱ አወጣውና "የማን ነው?" አለ። እኔ ዝም። ሰዉም ዝም።»

«ከዚያስ?»

«አጠገቤ አንድ የእናንተ አገር ልጅ ነበር። ቀጭን... አማርኛም እምብዛም የማይችል። ፖሊሱ እኔን አየኝ፣ እሱን አየው። "አንተ ጥቁሩ፣ ውረድ!" አለው። በቃ! እኔን ስሜን እንኳን አልጠየቀኝም!»

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ልጁስ ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቄ? ለቀውት ይሆናላ... ለቅጠል ማን ይታሰራል?»

ኦሞት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጎግ ሲደርሱ ሰዉ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ይጠብቃቸው ነበር።

በረከት ቆሞ ተናገረ። ክሊኒክ እሠራለሁ አለ... የውሃ ፓምፕ አመጣለሁ አለ... ለወጣቶች ሥራ አለ...

ኦሞት አንድም ሳያጎድል ወደ አኙዋ ቋንቋ ተረጎመ። ሰዉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ አጨበጨበ።

«ይህ ተክል መድኃኒት ነው። ወንጀል የሚባለው ባለማወቅ ነው በላቸው!»

ኦሞት ይህንንም ተረጎመ።

ግን አላቆመም... ቀጠለ... አሁንም ቀጠለ...

ጭብጨባው ጠፋ። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ምነው ትርጉሙ ረዘመ?» አለ በረከት ግራ ገብቶት። «እኔ የተናገርኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው!»

«መኪና ውስጥ ያጫወትከኝንም ነገርኳቸው።»

«የቱን?»

«የዲማውን።»

«እንዴ! እሱ እኮ ጨዋታ ነው... ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

ኦሞት ያን ጊዜ ዞሮ ዓይን ዓይኑን አየው።

«ያ ልጅ እኔ ነኝ።»



«ሦስት ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ አላወቅከኝም። አማርኛ የት ተማርክ አልከኝ አይደል? እስር ቤት! ዳኛው ሲፈርድብኝ ምን እንዳለ እንኳን አልገባኝም ነበር።»

አራት ዓመት ታሰረ። የመምህራን ኮሌጅ ቦታውን አጣ።

እናቱ በቤተክርስቲያናቸው የመዘምራን መሪ ነበሩ። ሰዉ «የጋንጃው እናት» ሲላቸው አፍረው መዝሙሩን ተዉት። ልጃቸው በታሰረ በሦስተኛው ዓመት አረፉ። ኦሞት አልቀበራቸውም።

ከተሰበሰበው ሰው መሃል አጁሉ የሚባሉ አዛውንት ሴት ብድግ አሉ። ከእናቱ ጋር ይዘምሩ ነበር። «የጋንጃው እናት» እያሉ ካሟቸውም አንዷ ነበሩ። እያለቀሱ ተናገሩ፤ ኦሞት ቃል በቃል ተረጎመው።

«በልጆቻችን እጅ ሲገኝ ወንጀል... እናንተ ልትሸጡት ስትፈልጉ መድኃኒት? ሕጉን የምትለውጡ ከሆነ፣ መጀመሪያ በቀለማቸው ተመርጠው የታሰሩትን ስም አጽዱ!»

በረከት ላብ አጠመቀው። ኦሞትን ወደ ጎን ሳበው።

«ወንድሜ... ጥፋቴ ነው። ምን ላድርግልህ? ብቻ እነዚህን ሰዎች አሳምንልኝ።»

«ጻፍ።»

«ምን ብዬ?»

«ቦርሳው የኔ ነበር ብለህ። ቀኑን፣ ስምህን፣ ፊርማህን።»

በረከት አመነታ። ሰዉን አየ... ያን ሁሉ ለም መሬት አየ... ጻፈ። ሁለት ሽማግሌዎችም ምስክር ሆነው ፈረሙ።

«በል አሁን ንገራቸው!»

ኦሞት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ወደ ሰዉ ዞሮ አንድ አጭር ነገር ተናገረ።

ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሳ ሄደ።

«ምን አልካቸው?!» ጮኸ በረከት።

«እንግዳው ጨርሷል፣ ወደ አገሩ ይሂድ አልኳቸው።»

ይህን የነገረኝ ራሱ ኦሞት ነው። ክሱ እንደገና እንዲታይለት በዚያ ወረቀት አመልክቷል፣ መልሱ ገና አልመጣም። የበረከት ሸሪኮች ግን የወረቀቱን ፎቶ አይተው ጥለውት ሄደዋል።

«ፎቶውን ማን ላከላቸው?» አልኩት።

«እኔ» አለኝ። ድምፁ አልተለወጠም።

«አይቆጭህም? ለሰፈርህ ሊሠራ የነበረው ክሊኒክ ቀረ እኮ...»



«ክሊኒኩ ይቆጨኛል። የሱ ፊት ያን ቀን ሲገረጣ ግን... ደስ አለኝ። አልዋሽህም።»

ወዳጆቼ... ሕግ ስለተለወጠ ብቻ ፍትሕ አይመጣም። ትናንት በቆዳው ቀለም የተፈረደበት ሰው ካልተካሰ፣ የነገው ፈቃድ የሚጠቅመው ያስፈረደበትን ነው። በሰው ስቃይ የሚስቅም ሰው አጠገቡ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ይጠይቅ!

እናንተስ በኦሞት ቦታ ብትሆኑ የተባላችሁትን ብቻ ተርጉማችሁ ትመለሱ ነበር... ወይስ እሱ ያደረገውን ታደርጉ ነበር? ከልባችሁ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።